ሙሶሎኒ የሚባል ተራራ ምን ሊሰራ መጣ? (የፊልም ጥያቄና መልስ)

ሰላም ወዳጆቼ፣ በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሶስቱን ብቻ ነው የመረጥኩት፣ የቀሩት አብዛኞቹ «እገሊት አክተሯ አገባች ወይ፣ እገሌ መኪና ቀየረ ወይ» አይነት ስለሆኑ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እሱን እኔ አላውቅም ብነግራችሁም ውሸቴን ነው። ሶስቱ የተላኩት ከተራራቀ ቦታ ነው ግን ሳነባቸው የሚያነሱት ነገር ገጠመብኝ፦ ፊልም የሚሰራበት ቦታ ላይ ድሮ የሆነው ነገር ታሪኩን ይቀይረዋል ወይስ ቦታው ዝም ብሎ ካሜራ የሚተከልበት ሜዳ ነው?

«ሰላም ለአዘጋጁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ17 ዓመት ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው። ባለፈው እሁድ ጤዛን አብረን አየንና ልጁ ጥያቄ በጥያቄ አደረገኝ። ወጣቶቹ ለምንድነው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁት አለኝ፣ ሙሶሎኒ የሚባል ተራራ ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ይሰራል አለኝ፣ ሰውዬው ለምን ጀርመን ሄደ ለምን እንደኛ አሜሪካ አልመጣም አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት ግማሹን እኔም አላውቀውም። ፊልሙ ደሞ ወዲያ ወዲህ ይዘላል፣ መሃል ላይ ጠፋን። ቢያስረዱን።»
የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ልጅዎ የጠየቀው ፊልሙን ስንት ግዜ አይተው ሳይጠይቁ ያለፉት ሰዎች መጠየቅ የነበረባቸውን ነው። ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ፣ ጤዛ ኃይሌ ገሪማ በፈረንጆቹ 2008 ያወጣው ነው፣ ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፣ በዓመቱ ደሞ ዋጋዱጉ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን የወርቅ ፈረስ ይዞ ተመለሰ። አንበርብር የሚባል ጀርመን አገር የተማረ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል፣ ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ አካባቢው ጎንደር ገጠር ነው፣ ሐይቅ አለ፣ ተራራ አለ፣ ዋሻ አለ። የልጅዎም ጥያቄ እነዚሁ ላይ ነው።

ከተራራው ልጀምር። እኛ አዲስ አበቤዎች ትምህርት ቤት የተማርነው ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ለቀቀ ተብለን ነው አይደል፣ ንጉሱ አዲስ አበባ ገቡ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ አለቀ። ጎንደር ላይ ግን አላለቀም። ጀኔራል ናሲ የሚባለው የጣልያን አዛዥ ጦሩን ይዞ ጎንደር ላይ ስለመሸገ እዛ ጣልያን እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው፣ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ማለት ነው፣ ቁልቋልበር ላይ የነበረውን ውጊያ የጎንደር ሽማግሌ ሲያወራ ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው። ዛሬም ጎንደር ከተማ ፒያሳ ብትሄዱ ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም የጣልያን እጅ ስራ ነው። እና ኃይሌ ገሪማ የተወለደው እዛው ጎንደር 1938 ላይ ነው፣ ጣልያን ከወጣ ገና አራት ዓመቱ፣ አባቱ ገሪማ ታፈረ ደሞ ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት ሰውዬ ናቸው። እንግዲህ እንደዚህ አይነት ቤት ያደገ ልጅ ፊልም ሲሰራ ተራራው ላይ ከጣልያን ዘመን የቀረ ሐውልት ቢያስቀምጥ፣ የመንደሩ ህፃናት እዛ ላይ ወጥተው ቢጫወቱ፣ የአንበርብር አባትም ከጣልያን ጋር ሲዋጉ የሞቱ ቢሆኑ ምን ይገርማል፣ ለሱ ይሄ ጌጥ አይደለም፣ ሲያድግ የነበረው አየር ነው። ማንም ሰው ቆሞ ስለ ፋሺዝም ሌክቸር አይሰጥም፣ ተራራው ዝም ብሎ ይታያል፣ በቃ።

ዋሻው ላይ ስንመጣ ልጅዎ «ፋንታዚ ነው ወይ» ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ግን እውነት ነው። ደርግ 1975 ላይ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ፣ በወረቀት ላይ ስነስርዓት ያለው ምዝገባ ነበር፣ ገጠር ሲደርስ ግን አፈሳ ሆነ። ለገበሬ ማህበሩ ይሄን ያህል ልጅ አምጣ ይባላል፣ ሊቀመንበሩ ካላመጣ ራሱ ይጠየቃል፣ ስለዚህ የገበያ ቀን ወይ የንግስ ቀን ወይ ሌሊት ቤት ለቤት ነው የሚታፈሰው። ለምን ጎንደር ላይ እንዲህ ከበደ ካሉኝ ደሞ፣ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሰራዊቱ ሲመታ ደርግ ትግራይን ለቆ ወጣ፣ ያኔ ጦርነቱ ወደ ጎንደርና ወሎ ወረደ፣ ኢህአዴግ ጎንደርን እስከያዘበት እስከ 1983 ድረስ ገበሬው በሁለት ጠብመንጃ መሃል ነው የኖረው። አንበርብር የሚመለሰው በትክክል እዚህ መሃል ነው። እና ዋሻውን እኔ እንዴት እንደማየው ልንገርዎት፣ በጣልያን ግዜ ዋሻ የአርበኛ መሸሸጊያ ነበር፣ አያት ከባዕድ ጦር የተደበቀበት አይነት ዋሻ ውስጥ የልጅ ልጅ ከገዛ መንግስቱ ይደበቅበታል። ኃይሌ ይሄን በአፉ የሚናገር ካራክተር አላስቀመጠም፣ ተራራውና ዋሻው ባንድ መንደር ውስጥ ስላሉ ተመልካቹ ራሱ ያገናኘዋል። ያገናኘዋል ስል ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ማለቴ ነው፣ የማያውቀው ደሞ እንደ ልጅዎ ይጠይቃል፣ ሁለቱም ጥሩ ነው።

አሁን ጀርመን። ይሄኛው ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል ምክንያቱም ብዙ ሰው የፕሮዳክሽን ብር ከጀርመን ስለመጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። ኃይሌ ራሱ እኮ ከ1967 በፈረንጅ ጀምሮ አሜሪካ ነው የኖረው፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማረው፣ ስለሚያውቀው ከተማ መስራት ይችል ነበር። ግን የዛን ትውልድ ፖለቲካ ከተከታተሉ መኢሶን የተመሰረተው ሃምቡርግ ነው፣ ነሐሴ 1960፣ ኢህአፓ ደሞ በርሊን ላይ ነው፣ 1964። ኋላ አዲስ አበባ ላይ የተጋደሉት ሁለቱ ድርጅቶች ጀርመን አገር ባንድ ካፌ ቡና የሚጠጡ ተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው፣ ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ እነ አንበርብርና ጓደኛው ተስፋዬ ኮሎኝ ላይ ስለ አገር ሲከራከሩ ስናይ ጠቡ የተወለደበትን ክፍል ነው የምናየው። ከአብዮቱ በኋላ ደሞ ምስራቅ ጀርመን አለች። በፈረንጆቹ 1977 ምስራቅ ጀርመኖች ቡና ቸገራቸው፣ ደርግ ደሞ መሳሪያ ቸገረው፣ ተለዋወጡ፣ ቡና ሄደ መሳሪያ መጣ። አምስት ኪሎ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልት ዛሬም ቆሟል፣ የነሱ ስጦታ ነው፣ እርስዎ አዲስ አበባ ካደጉ ስንት ግዜ በስሩ እንዳለፉ። አንበርብር መንግስት ልኮት ምስራቅ ጀርመን ሲደርስ በዚሁ የወዳጅነት መንገድ ነው የሄደው፣ ከዛ የበርሊን ግንብ በሚፈርስበት ግዜ ዘረኞች ደብድበው በመስኮት ይወረውሩታል፣ እግሩ እዛ ቀረ። መንደር ሲመለስ ግን እግሩን ያጣ ሰው ሁሉ ከጦርነት የመጣ ነው ተብሎ በሚታሰብበት አገር ነው የሚመለሰው፣ ይሄን ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ስለ መዝለሉ። እኔ እናቴ ወገን የሆነ አጎት አለኝ፣ ህይወቱን ሲያወራ «ስልሳ ስምንት ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ከዛ ሰባ አንድ ላይ ስራ ያዝኩ» ይላል፣ መሃሉን ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ እሱም ተናግሮ አያውቅም፣ አንድ ቀን ብቻ ቡና እየተጠጣ ስለ አንድ ጓደኛው ጫማ ማውራት ጀምሮ አቆመው። ያ ትውልድ እንደዛ ነው የሚያስታውሰው፣ ተቆራርጦ። አንበርብር ደሞ ጭንቅላቱም ተጎድቷል፣ እናቱ ጠበል ይዘውት ይሄዳሉ፣ ውሃው ሲወርድበት ትዝታው ይመጣል ይጠፋል፣ ፊልሙም አብሮት ይዘላል። እውነት ለመናገር መሃል ላይ ያለው የአዲስ አበባ ክፍል ለኔም ይረዝምብኛል፣ ስብሰባው በዝቷል፣ ትንሽ ቢቆረጥ ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልጅዎ እናትየዋን ልብ ብሏት እንደሆነ አላውቅም። ቀይ ሽብር ጎንደር ላይ አስተዳዳሪው ሻለቃ መላኩ ተፈራ በነበረ ግዜ እናቶች ያወጡት ግጥም አለ፣
«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም»
ይሄንን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ሁለተኛ አልወልድም ያለች እናት አገር ላይ የተሰራ ፊልም መሆኑን ይዘው ፊልሙ በምን እንደሚያልቅ መልሰው ይዩት፣ መጨረሻውን ላላዩት ስል አልናገርም። እና ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆኑ ጆርጂያ አቬኑን ይዘው ቁልቁል ወደ ዲሲ ቢወርዱ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚባለው የኃይሌና የባለቤቱ መጽሐፍ ቤት አለ፣ ልጁን ይዘውት ይሂዱ።

«ስለ ድፍረት ፊልም ነው የምጽፈው። አሰላ ነው ያደግኩት። ጠለፋ በመላ አገሪቱ የነበረ ነገር ነው፣ ለምን የኛን አካባቢ መርጠው አሰደቡት? ጎጃም ጠለፋ አልነበረም? ወሎስ? መልስ ካለህ ንገረኝ።»
የተናደደ አንባቢ

ወንድሜ ንዴትህ ገብቶኛል ግን ያካባቢው ምርጫ የዳይሬክተሩ አይደለም፣ ታሪኩ እውነተኛ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ በፈረንጆቹ 1996 አርሲ ላይ የሆነ፣ ተጠልፋ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በራሱ ጠብመንጃ ገደለችው፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የህግ ባለሙያዎች ማህበርን የመሰረቱት እነ መዓዛ አሸናፊ ጠበቃ ሆነው ቆሙላት። ጉዳዩ የገዘፈው ደሞ ያኔ የሚሰራበት የ1949ኙ የወንጀል ህግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ነፃ ይለቀው ስለነበር ነው፣ ይሄ የተሻረው 1997 ላይ በወጣው ህግ ነው። ስለዚህ በጎጃምም በወሎም ትክክል ነህ፣ ህጉ የሁሉም ነበር። ርዕሱን ራሱ እየው፣ ድፍረት ጀግንነትም ነው መደፈርም ነው፣ በአማርኛ ብቻ የሚሰራ ነገር ነው፣ ፈረንጅ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ሲያጨበጭብ ይሄ አምልጦታል።

ግን ክሱን ልገልብጠውና፣ እኔ ፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ አርሲን አብዝቶ አሳየ የሚል አይደለም፣ አላሳየም የሚል ነው። አርሲ እኮ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት የገባበት አገር ነው፣ ስዊድኖች ከ1960 ጀምሮ አሰላን ማዕከል አድርገው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጡ፣ ስንዴው ሲያዋጣ ባለመሬቱ ትራክተር ገዛና ጭሰኛውን አባረረ፣ መሬት ላራሹ የሚለው መፈክር አርሲ ላይ የዳቦ ጥያቄ የሆነው ለዚህ ነው። ሰሜን ላይ ርስት ስለነበር ገበሬው ኋላ ደርግ ያወጣውን የመሬት አዋጅ በጥርጣሬ ነው ያየው፣ እንደውም ጎጃም 1960 ላይ ያመፀው መሬቴን ሊለኩብኝ ግብርም ሊጨምሩብኝ ነው ብሎ ነው። ጭሰኛና ባለርስት ስለ ክብር፣ ስለ ጠብመንጃ፣ ልጅ ስለመዳር አንድ አይነት ስሜት የላቸውም። ፊልሙ ይሄን አልነካውም፣ ገጠሩ የትም ሊሆን የሚችል ገጠር ነው፣ ንግግሩም ዋናው በአማርኛ ነው፣ አሰላ ዙሪያ ገጠር ውስጥ ቤት ውስጥ የሚወራው ኦሮምኛ መሆኑን ካንተ በላይ ማን ያውቃል። የችሎቱ ክፍል ግን ጎበዝ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ስር ተቀምጠው የሚዳኙበት ቦታ ላይ ፊልሙ ያገሩን ሽታ ያገኛል።

«አቦ እንዴት ነህ ጋሼ! ድሬ ልጅ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያ ስክሪፕቴን እየጻፍኩ ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ሰራተኛ አያትና የልጅ ልጁ ታሪክ ነው፣ መሃሉ ላይ ፍቅርም አለ። አያትየውን የቀዳሁት ከራሴ አያት ነው። አንድ ፕሮዲውሰር አንብቦ ወደደልኝ፣ ግን አዲስ አበባ እንስራው አለኝ፣ ድሬ መውረድ ወጪ ነው፣ ቪላ ቪላ ነው አለ። ታሪኩንስ ፊልም ውስጥ ስብከት ሳይሆን እንዴት ነው የምከተው?»

ጎረምሳው፣ ለፕሮዲውሰሩ አልፈርድበትም፣ ብሩ የሱ ነው። ግን ቪላ ቪላ አይደለም። ከዚራ የሚባለው ሰፈርህ ያለው ቪላ እዛ የተሰራው ባቡሩ ሐረር መውጣት ስላቃተው ነው፣ ተራራውን መውጣት ብዙ ብር ስለሚበላ መስመሩን ቆላ ለቆላ ወሰዱት፣ 1895 ላይ ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመ፣ ከተማ ያልነበረበት ቦታ ላይ ከተማ ተፈጠረ፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የሚሉት። አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ድረስ ወደ ውስጥ የሚገባው ሰውም እቃም እዛ ነው የሚወርደው። ከደቻቱ በዚህ በኩል ፈረንሳዮች በማስመሪያ ያሰመሩት ከዚራ፣ በዛ በኩል ነጋዴው የሰራው መጋላ። ፍቅረኞችህ ማዶ ለማዶ ከሆኑ፣ አንዱ ከዚራ አንዷ መጋላ፣ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ በእግር ይሻገሩታል፣ ግን ሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ ያ አሸዋ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ይሄን አንተ ታውቀዋለህ፣ ተመልካቹ ባያውቀው እንኳን አያትየው ደመና ባየ ቁጥር ልጅቷን አትሻገሪ ካላት ምንም ስብከት አያስፈልግህም። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ የሚሆን ወንዝ ከየት ታመጣለህ?

ስክሪፕትህን አነበብኩት (ልጁ አስራ አምስት ገጽ ልኮልኛል)፣ ገጽ 9 ላይ አያትየው ስለ ምድር ባቡር ታሪክ አንድ ገጽ ሙሉ ያወራል፣ እሱን አውጣው። የድሬ የባቡር ሰው በፈረንሳይኛ ነው ስራውን የተማረው፣ ስለ ብሎንና ቫልቭ ሲያወራ ፈረንሳይኛ ይቀላቅላል፣ ልጅ ልጁ አይገባትም፣ ይሄ አንድ መስመር ያንተን አንድ ገጽ ይተካልሃል። ቀን ላይ ሁሉም ነገር ይዘጋል አይደል፣ ሙቀቱ፣ በርጫው፣ ከተማው ጥላ ይፈልጋል፣ አንተ ግን ዋናውን ጠብ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቀፊራ ገበያ መሃል አድርገኸዋል፣ ማነው በዛ ሰዓት እዛ ቆሞ የሚጣላው? የድሬ ሰው ያይና ይስቅብሃል። ሲመሽ አድርገው። የኮንትሮባንዷ ሴትዮ ግን ድንቅ ናት፣ ልብሱን በልብስ ላይ ደርባ ባቡር ላይ የምትወጣዋ፣ ከሷ ላይ ምንም አትቀንስ፣ እንደውም ጨምርላት።

የቀረህ ትልቁ ነገር ዓመት ነው፣ አስራ አምስቱም ገጽ ላይ ዓመት የለም። 1969ን ብቻ ውሰድ፦ አዲስ አበባ ላይ ያ ዓመት ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ ነው፣ ጎንደር ላይ ከላይ ለእህታችን የነገርኳት መላኩ ነው፣ በሁመራ በኩልም ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ አለ። ድሬ ላይ ግን ዓመቱ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ታንክ ነው። ነሐሴ ላይ ከተማው ጫፍ ደርሶ የተመለሰው። የባቡር መስመሩም በጦርነቱ ተቆርጦ ነበር። አያትህ ዛሬ 75 ከሆኑ ያኔ 26 ነበሩ፣ ባቡር የሌለበት ከተማ ውስጥ የባቡር ሰራተኛ። ያ ሰው ኋላ ደሞ የድሮው ባቡር እየደከመ እየደከመ ሲቆም አይቷል፣ 2009 ላይ ቻይና የሰራው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲገባ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ሆነ፣ ለገሃር የሚባለው የድሬ የድሮ ጣቢያ ወደ ጎን ቀረ፣ ጋራዡ ውስጥ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች እንደቆሙ አሉ። አያትየው በየጠዋቱ ተነስቶ ወደ ለገሃር የሚሄድበት ሲንህ ለዚህ ነው ልብ የሚነካው፣ ግን በ2009 ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ በ1969 ከሆነ ሌላ ፊልም ነው፣ ሁለቱን መቀላቀል አትችልም፣ መምረጥ አለብህ።

ለፕሮዲውሰሩ ደሞ እንዲህ በለው፣ ለገሃሩ፣ ጋራዡ፣ የከዚራ ዛፎች፣ ደቻቱ፣ ሁሉም በባጃጅ አስር ደቂቃ ውስጥ ናቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ከቦሌ ሰሚት ክሩ ትራፊክ ውስጥ የሚያቃጥለውን ቀን ያስላው። ካልሰማህ ገጽ 9ን አስተካክለህ ከሱ ስልክ ቁጥር ጋር ላክልኝ፣ እኔ እደውልለታለሁ።

አያትህን ግን መጀመሪያ ጠይቃቸው፣ ነሐሴ 69 ላይ የት ነበሩ?